ያስተኛው መብራት

«ለእሷ ደግሞ ምን አነሳት! መኪናዋ እስክትቆም ድረስ ትሥራባት» አለች የታላቅ ወንድሙ ሚስት ከግድግዳው ወዲያ። እሱ ሳፋ ላይ ጎንበስ ብሎ ፊቱን እየታጠበ ነበር። የእሱን አንድ ክፍልና የእነሱን ወጥ ቤት የሚለየው ግድግዳ ያልተለሰነ፣ በአንድ ረድፍ ብሎኬት የቆመ ነው፤ ወዲያ ሻይ ሲማሰል ማንኪያው ስንት ጊዜ እንደዞረ ወዲህ ይቆጠራል። በስድስት ዓመት ውስጥ በዚያ ግድግዳ የሰማውን ሁሉ ሆድ ይፍጀው ብሎ ኖሯል። ታላቅየው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ እህቴ የሥራ መልቀቂያዋን ታስገባለች። አንዴ ካስገባች በኋላ ምን ታመጣለች? ብታኮርፍ ሁለት ወር ነው» ሲል ተሰማ። «ያኛው ካልነገራት ነው» አለች ሚስትየው። «አይነግራትም። የዳሽቦርዱን አምፖል በኤልኢዲ ላስቀይር ብላ ዛሬ እሱው ጋ ነው የምትወስዳት። የሚነግራት ቢሆን እስከ ዛሬ በነገራት።» «ያኛው» የተባለው እሱ ነው። ሳሙናው ዐይኑ ውስጥ ገብቶ እያቃጠለው፣ ውኃውን ማፍሰሱን ረስቶ ቆሞ ቀረ።

ብዙም ሳይቆይ ታላቅየው በሩን አንኳኳ። ማንኳኳቱ ለወጉ ያህል ነው፤ ግቢው የሱ፣ ክፍሏም የሱ፣ መልሱን ሳይጠብቅ ነው የገባው። ለቅሶ ቤት ድንኳን የሚያስተክል፣ ለተጣላ ሽማግሌ የሚላክ፣ ሰው ሁሉ «ይኸን የመሰለ ወንድም ያላችሁ» የሚላቸው ሰው ነው፤ የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ ማለት ለእንዲህ ያለው ነው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ የወንድሙን የሦስት ወር ሕፃን ጉንጭ በጣቱ ነካ ነካ አደረገው። ጣራው ያፈስ እንደሆነ ጠየቀ፤ እንደሚያፈስ ያውቃል። ከዚያ፣ «አንድ ሰውዬ ክፍሏን አይቷት በእጥፍ ልከራይ ብሎኝ ነበር። ወንድሜ ከነሚስቱ ከነልጁ አለበት፣ ወንድሜን ሜዳ ላይ አልጥልም ብዬ መለስኩት» አለ። ስለ መኪናዋም ስለ እህታቸውም አንድ ቃል አልተነፈሰም። ሲወጣ የበሩን እጀታ ሁለት ጊዜ ከፍ ዝቅ አድርጎ ሞከረው፤ የራሱን ዕቃ የሚፈትሽ ሰው እንደሚያደርገው። ሚስቱ ሕፃኑን እያጠባች፣ «ምን ሊል ነው የመጣው?» አለችው። «ምንም» አላት። እሷም ከዚያ በላይ አልጠየቀችም፤ እሷም ጆሮ አላት፣ ግድግዳው ለእሷም አንድ ረድፍ ነው።

«ያኛው» የመኪና ኤሌክትሪሺያን ነው። የሥራ ቦታው በቆርቆሮ የተከለለች፣ አንድ መኪና ግማሽ አካሏን ብቻ የምታስገባባት ጥላ ናት፤ በስተቀኙ ጎማ የሚጠግነው ጎሚስታ፣ በስተግራው በያጅ አለ። መንደሩ በስሙ አይጠራውም፤ «አስተኚው» ነው የሚሉት። ስሙን ያወጣለት ጎሚስታው ነው፣ ምክንያትም አለው። መኪናውን ሊሸጥ ያሰበ፣ ግን ዳሽቦርዱ ላይ አልጠፋ ያለች ቀይ መብራት ያለችበት ሰው ወደ እሱ ይመጣል። አምፖሏን መንቀል ማንም አያቅተውም። ነገር ግን ነቃ ያለ ገዢ ቁልፍ ሲከፈት መብራቶቹ ሁሉ መብራታቸውን፣ ሞተር ሲነሳ ሁሉም መጥፋታቸውን ያያል፤ አንዷ ከጎደለች ይነቃል። የሱ ጥበብ እዚህ ላይ ነው። የታመመችውን መብራት ሽቦ ቆርጦ ከጤነኛዋ ከባትሪዋ መብራት ጋር ያያይዛታል። አብረው ይበራሉ፣ አብረው ይጠፋሉ። ይኸን ነው «ማስተኛት» የሚሉት። ጎሚስታው «ሐኪም ያስተኛው እንኳ ይነቃል፤ ይሄ ያስተኛት ግን አትነቃም» እያለ ያሾፋል፣ እሱም አብሮ ይስቅ ነበር። ገዢው ሁልጊዜ ፊቱ የማይታይ የሩቅ ሰው ነዋ! ለማይታወቅ ሰው ተብሎ እንቅልፍ አይታጣም። ከአራት ወር በፊት ታላቅየው ነጯን መኪናውን አምጥቶ፣ «የዘይቷን አስተኛልኝ፤ ሌላ ከተማ ላለ ሰው ልሸጣት ነው» ሲለው አንድም ጥያቄ አልጠየቀም። የዘይት መብራት በራች ማለት ዘይቱ ሞተሩ ውስጥ እንደ ልብ አይደርስም፣ ሞተሩ ከውስጥ ተበልቶ አልቋል ማለት ነው። ከመብራት ሁሉ እሷን ማስተኛት ነውር እንደሆነ ያውቃል። ግን አስተኛት። መኪናዋ የተሸጠችው ለገዛ እህታቸው መሆኑን የሰማው እሷ ቁልፉን ከተረከበች በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ አንድ ወር ሙሉ ዛሬ ልንገራት፣ ነገ ልንገራት ሲል ቆየ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የሱ ዝምታ ግን ነቅዞ ነበር።

ሦስት ሰዓት ሲሆን እህቱ መኪናዋን ጥላዋ ሥር አስገብታ ወረደች። የሁሉም ታናሽ ናት። አሥራ አራት ዓመት በሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ሠርታለች፤ ከበረኪናው ብዛት የጣቶቿ ጫፍ ልጦ ልጦ አሻራ የቀረው አይመስልም። እናታቸው አልጋ ላይ በዋለች ጊዜ ታላቅየው «የኔ ቤት ደረጃ አለው፣ ለበሽተኛ አይመችም» አለ፤ እሱ ደግሞ «ክፍሌ ጠባብ ናት» አለ፤ አራት ዓመት ያስታመመቻት እሷ ናት። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ይሉ የለ? መኪናዋን የገዛችው ከዚያ እንፋሎት ወጥታ ታክሲ ልትሠራባት ነው። ዛሬ ፀጉሯን ተሠርታ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሳ ነበር። አንድ ወረቀት ያለበት የፕላስቲክ ማኅደር ይዛ ከሾፌሩ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ተመቻችታ ተቀመጠች፤ ደንበኞች ሁሉ መኪናቸውን ትተው ሻይ ሊጠጡ ሲሄዱ እሷ ንቅንቅ የምትል አትመስልም። «ይቺን ስምንት ሰዓት ላይ አስገባና ተገላገልኩ» አለች ማኅደሩን ጭኗ ላይ እያስተካከለች። «ምን ትላለህ፣ ወንድምዬ? ላስገባት?» እሱ የዳሽቦርዱን ሽፋን ብሎን በካቻቢቴ እየፈታ፣ ቀና ሳይል፣ «አንቺ የወሰንሽውን እኔ ምን እላለሁ» አላት። ከዚያ ስለ አምፖሎቹ ዋጋ አወሩ። አሥራ ሁለት ናቸው፣ ነጩ በሠላሳ አምስት፣ ሰማያዊው በአርባ። ነጩ ይሻላል አላት፣ ሰማያዊው ዐይን ይወጋል። ነጭ ይሁን አለች። ስለ ሕፃኑ ጠየቀችው፣ እንቅልፍ ይነሳ እንደሆነ። ይነሳል አላት።

ሽፋኑ ወጣ። የመለኪያዎቹን ሰሌዳ ከጉድጓዱ ሳብ አድርጎ ፊቱን ወደ ታች ገልብጦ ጭኑ ላይ አስቀመጠው። የመኪና ዳሽቦርድ ከፊቱ ሲታይ ጌጥ ነው፣ ከኋላው ግን የድሃ ቤት ጓዳ ይመስላል፤ ሽቦ በሽቦ ላይ፣ አቧራ፣ የሞተ ሸረሪት። አምፖሎቹ እያንዳንዳቸው በትንሽ ፕላስቲክ ቤት ተሰክተዋል፤ ሩብ ዙር ሲያዞሯቸው ብቅ ይላሉ። የአሮጌዎቹ መስታወት ጠቁሯል። አንድ በአንድ እያወጣ በምትካቸው ኤልኢዲዎቹን እየሰካ፣ ባትሪውን አስነክቶ ይሞክራቸዋል፤ ኤልኢዲ እንደ አሮጌው አይደለም፣ ፊትና ኋላ አለው፣ ተገልብጦ ከገባ አይበራም። እህቱ አንገቷን አስግጋ ታያለች። «ይሄኛው ምንድን ነው? ይሄኛውስ?» ትላለች። የፍሬቻ ነው፣ የቤንዚን ነው ይላታል። «አንተ እንዲህ ውስጧን ገልብጠህ ስታያት ደህና ናት? የታመመ ነገር አታይባትም?» አለችው አንድ ጊዜ። «ኤሌክትሪኳ ደህና ናት» አላት። ይኸ እንኳ ውሸት አልነበረም፤ ሰው ሲፈራ ከእውነት ውስጥ ለውሸት የምትመቸዋን ቁራጭ እንዴት ለቅሞ እንደሚያወጣ የሚገርም ነው። ጎሚስታው ጎማ እያንከባለለ ሲያልፍ እንደ ልማዱ ጮኸ፤ «አስተኚው! ዛሬ ደግሞ ማንን ልታስተኛ ነው?» እሱ ሰሌዳው ላይ አቀረቀረ። እህቱ በመስኮቱ አንገቷን አውጥታ፣ «እኔን ነዋ!» አለችው፤ ጎሚስታው ከት ብሎ ስቆ አለፈ፣ እሷም ሳቀች፣ ሳቋ ግን ቶሎ ነው ያለቀው።

የዘይቷን መብራት ለመጨረሻ አቆይቷት ነበር። ከእሷ ሥር፣ ከሽቦዎቹ መካከል፣ የገዛ እጁን ሥራ አገኘው። ማንኛውም ኤሌክትሪሺያን ቴፕ ሲጠቀልል የራሱ አጨራረስ አለው። የሱ ልማድ የቴፑን ጫፍ አጥፎ ትንሽ ምላስ መተው ነው፤ ነገ የሚፈታው ሰው በጥፍሩ እንዳይቸገር ብሎ። ለማያውቀው መካኒክ እንዲህ ያዝናል፣ ለእህቱ አላዘነም። ምላሷን በአውራ ጣቱና በጠቋሚ ጣቱ ይዞ ቆየ። ሰዓቱ አምስት ተኩል ሆኗል። አሁን ቀና ብሎ «እህትዬ፣ ይቺን ደብዳቤ እንዳታስገቢ» ቢላት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፣ በሁለት ትንፋሽ ያልቃል። ግን ከዓረፍተ ነገሩ ኋላ የሚመጣው ታየው፤ እሷ ወደ ታላቅየው ትሄዳለች፣ ታላቅየው ማን እንደነገራት አይጠፋውም፣ ማታ የእሱ ክፍል በር ይንኳኳል፣ ሚስቱ ሕፃኑን አዝላ ፍራሽ ትጠቀልላለች። ተናደደ። በታላቅየው ተናደደ፣ በራሱ ተናደደ፣ ከሁሉም ይልቅ ግን፣ ለመናገር እንኳ ያሳፍራል፣ አጠገቡ ሆና በደስታ በምትጠብቀው እህቱ ተናደደ፤ ምነው ይቺ ሴት ሳትገዛ መካኒክ አታሳይም ነበር! ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣለት፣ የፈሪ ሐሳብ። እኔ አልናገርም፣ መብራቷ ትናገር። ቴፑን ፈታ፣ ያያያዛትን ሽቦ ቆርጦ ለያየ፣ የዘይቷን ሽቦ ከድሮ ቦታዋ መልሶ ቀጠለ፣ ለቀይዋም መብራት አዲስ ኤልኢዲ ሰካላት። እህቱ እጁን ታይ ነበር።

ሰሌዳውን መልሶ፣ ሽፋኑን ገጥሞ ሞተሩን አስነሣ። መለኪያዎቹ ቦግ አሉ፤ የድሮው ቢጫ ጭጋግ ጠፍቶ ቁጥሮቹ አንድ በአንድ የሚነበቡ፣ መርፌዎቹ ጥርት ያሉ ሆኑ። ቀይ መብራቶቹ እንደ ወጉ በርተው ጠፉ። ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ሁለቱም ወደዚያው እያዩ ተቀመጡ። ስምንት ዘጠኝ ደቂቃ ቢሆን ነው፣ የዘይት ጣሳ ሥዕል ያለባት ቀይዋ መብራት አንዴ ጭልጭል አለች። ጠፋች። እንደገና ጭልጭል አለች፤ ከዚያ ፍም መስላ በርታ ቀረች። ኤልኢዲው ደግሞ ጨካኝ ነው፣ በጠራራ ፀሐይ እንኳ ይታያል። እህቱ ጣቷን ዘርግታ መስታወቱን ነካች።

«ይቺ ቀይዋ ምንድን ናት፣ ወንድምዬ?»

የሚናገረው እሱ መሆኑን የረሳ ይመስል ለአፍታ መብራቷን ተመለከታት። አምፖሉ የድርሻውን ተናግሮ ነበር፤ የቀረው «ዘይት» የምትል አንዲት ቃል ነበረች። እሱ ግን በዚያ ደንበኛ በሚያረጋጋበት በለዘበ ድምፁ፣ ስድስት ዓመት እንጀራ ባበላው ድምፁ፣ «አትጨነቂ፣ የኤልኢዲ ጠባይ ነው» አላት። «ኤልኢዲ ለትንሽ ኤሌክትሪክም ይበራል። ሲቆይ ይለምዳል።»

እህቱ ሞተሩን ራሷ እጇን ዘርግታ አጠፋችው። ከበያጁ ቤት ብረት ሲፋጭ ይሰማል። ስትናገር አልጮኸችም፣ አላለቀሰችምም፣ ወደ እሱም አልዞረችም፤ የምትናገረው ለዳሽቦርዱ ይመስል ነበር።

«ቅዳሜ መካኒክ አሳይቻታለሁ። ስትሄድ ከውስጥ የሚንኳኳ ነገር ሰምቼ ነው። ሞተሩ አልቋል አለኝ፤ አንድ ወርም ላይቆይ ይችላል አለኝ። መብራቱ ለምን አይበራም ስለው ዳሽቦርዱን ከፍቶ አየና ምን አለ መሰለህ? ‹ይሄን ያስተኛው ሰውዬ እጁ ይባረክ፤ ከፋብሪካ የወጣ ነው የሚመስል!› ቴፑን አሳየኝ። ምላሷን። እናታችን ክፍል የተቃጠለውን ገመድ የጠገንክ ጊዜም እንደዚያው ነበር ያጠፍካት።»

«እህትዬ...»

«አትንካው ብዬ እንደነበረ አስመለስኩት። አምፖል ላስቀይር የመጣሁ መሰለህ? የኔ ወንድም አንዴ ውስጧን ከፍቶ ካየ አይችልም፣ ይነግረኛል ብዬ ነው የመጣሁት። ከሦስት ሰዓት ጀምሮ እዚህ የተጎለትኩት እሱን ስጠብቅ ነው። ሽቦውን ስትፈታ አይቼህ አሁን ሊነግረኝ ነው ብዬ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ።» ጣቷን እንደገና መስታወቱ ላይ አሳረፈች። «የኤልኢዲ ጠባይ!»

የሰጣት መልስ፣ «ደብዳቤውን እንግዲያው እንዳታስገቢው። እስካሁን አልረፈደም፣ ስምንት ሰዓት አልሆነም» የሚል ነበር፤ አሁን፣ ሁሉ ካለቀ በኋላ፣ ቃሉ ከአፉ እንዴት እንደቀለለው ራሱም ገረመው። እህቱ ማኅደሩን ከጭኗ አንሥታ ሰጠችው። በፕላስቲኩ ውስጥ ያለው ወረቀት ግርጌው ላይ ማኅተም አለበት፣ ቀኑም ያለፈው ሐሙስ ነው። ቅጂው ነበር። «ሐሙስ አስገባሁ፣ ቅዳሜ ሞተሩ አልቋል ተባልኩ። ትናንት ሄጄ መልሱልኝ ብዬ ለመንኳቸው፤ በቦታዬ ሰው ገብቷል አሉኝ። ዛሬ ነው የማስገባው ብዬ ለእናንተ የነገርኳችሁ ሆን ብዬ ነው፤ ጊዜ አለው ብላችሁ ብትነግሩኝ ብዬ ነው። ጋሼን እንኳ አውቀዋለሁ፣ ከእሱ አልጠበቅኩም» አለች። ከዚያ ወርዳ በመኪናዋ ፊት ዞራ መጣችና የሾፌሩን በር ከፈተችለት፣ ውረድ ማለቷ ነው። ወረደ። ወንበሩን ወደ ራሷ ቁመት አስጠጋች፣ መስታወቱን አስተካከለች፣ የአምፖሎቹን ዋጋ ከቦርሳዋ አውጥታ የመሣሪያ ሳጥኑ ላይ አስቀመጠችለት። አይሆንም ሊል አፉን ከፈተ፤ አላየችውም።

«ሞተሩን አስወርጄ... እኔ በሚቻለኝ...» አለ።

«ተወው። እስክትቆም እሠራባታለሁ።» የራሷን ቃል ይሁን የእነሱን አላወቀም፤ እዚያ ግድግዳ ሥር እሷም የሰማች እስኪመስለው ደነገጠ። ሞተሩን አስነሣችና በመስኮቱ ብቅ ብላ፣ በዚያ ከልጅነታቸው ጀምሮ በሚያውቀው የእህትነት ድምፅ፣ ቁጣም ስድብም በሌለበት ድምፅ፣ እንዲህ አለችው፤ «ለጋሼ ደውልለትና አላየችም በለው። ሕፃን ይዛችሁ ሜዳ ላይ እንዳትወድቁ።»

መኪናዋ የኋላ ማርሽ ገብታ ከጥላው ወጣች፤ ስትዞር በመስኮቱ በኩል ቀይዋ መብራት እንደበራች አያት፣ ከዚያ በኋላ ያየው የመኪናዋን ጀርባ ብቻ ነው። ካቻቢቴው እጁ ላይ እንዳለ ቆመ። ሰው የተሰደበ እንደሆነ ይሳደባል፣ የተመታ እንደሆነ ይማታል፤ እንዲህ ምሕረት ተደርጎለት የተለቀቀ ሰው ምን እንደሚያደርግ ግን ማንም አላስተማረውም። ሮጦ መንገዱ ድረስ መሄድ ይቻል ነበር። ታላቅየው ደጅ ሄዶ ጎረቤት እስኪሰማ መጮህም ይቻል ነበር። ሁለቱንም አሰባቸው፣ ደግሞም በደንብ አሰባቸው፤ በልቡ ጮኸም፣ ሮጠም። ከዚያ እጁን በጨርቅ ጠርጎ ስልኩን አወጣ።

«እህ፣ እንዴት ሆነ?» አለ ታላቅየው ገና በመጀመሪያው ጥሪ አንሥቶ።

«አላየችም።»

«ደብዳቤውስ?»

«ቀድማ አስገብታለች።»

«ጎሽ!» አለው ታላቅየው። «ወንድም ማለት እንዲህ ነው።»